ጌሾ፣ ከዘጌ ጥላ እስከ ዶሃ በረንዳ

የፋብሪካ ቢራ ምሬቱን የሚያገኘው ሆፕስ ከሚባል ሐረግ ሴቴ አበባ ነው፤ ጠላና ጠጅ ደግሞ ከጌሾ። ሥራቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ በዘር ግን የተለያዩ ናቸው። ሆፕስ ክረምት ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ደርቆ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ የቀዝቃዛ አገር ተክል ነው። ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ የሚኖር ቁጥቋጦ ነው፤ ከተመቸው ከሰው ቁመት ያልፋል። ቅጠሉን አንዴ ቀርቦ ያየ ሰው ከሌላ ጋር አይቀላቅለውም፦ የላይኛው ገጹ ቅቤ እንደተቀባ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርስ የተከረከመ ነው። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ይጠጋል።

ጌሾን በደንብ ለማወቅ ዘጌን ማየት ይበጃል። በጣና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ዳር ማዶ ባለው በዚህ ልሳነ ምድር በቆየው ሥርዓት መሬት በበሬ አይታረስም። ሕዝቡ ኑሮውን የመሠረተው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ላይ ነው፤ ገዳማቱን የከበበው ደን ተርፎ የቆየውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ጌሾው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፣ ቅጠሉ ይለቀማል፣ ደርቆ ለገበያ ይወጣል። አንድ ቁጥቋጦ ለብዙ ዓመት ስለሚለቀም፣ መሬቱ ሳይገለበጥ ገቢ ይሰጣል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የጓሮ ተክል የለም።

ቤት ውስጥ የጠላ ሥራ በጥንስስ ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የደረቀው ቅጠል በሙቀጫ ተወቅጦ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀን ሲያድር ሽታው ይለወጣል፤ ከዚያ ብቅሉና ቂጣው ይገቡበታል። ለጠጅ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፤ ተቆራርጦ ከማርና ከውሃው ጋር ይቀመጣል። ጌሾ ምሬት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ መጠጡን ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። ከበዛ ግን ማሩንም ገብሱንም ያጠፋዋል፤ የጠማቂዋ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በኳታር፣ በዶሃና በአካባቢዋ፣ ከአል ራያን እስከ አል ወክራ በየአፓርታማው ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ አንድ እግር ጌሾ በረንዳ ላይ ማብቀል የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ተክሉ ግን የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ነው፤ ዘጌ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዶሃ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት። በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የዓመቱ ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆፕስም ቢሆን አይሻልም፤ እሱ የሚፈልገው የክረምት ብርድና የሰሜን ረጅም ቀን እዚያ የለም። ጌሾን ደፍሮ የሚሞክር ሰው ከቀትር ፀሐይ ሸሽጎ፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር ሰጥቶ፣ በሞቃቱ ወራት ወደ ቤት ማስገባት አለበት። ዘርም ሆነ ችግኝ ከአገር ለመውሰድ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በሻንጣ ጉያ ሸጉጦ መግባት አይገባም።

ከሁሉም በላይ፣ ተክሉን ማሳደግ ሌላ፣ መጥመቅ ሌላ ነው። ኳታር ውስጥ አልኮል በቤት ጠምቆ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለአንድ ብርሌ ጠጅ ሥራንና የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል በምንም መንገድ አይመከርም። ለበዓል ጥሩ ማር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ በዚያው ሰዓት የሚጠጣ ብርዝ አለ። በአገራችን ጠጅ ለማይቀምሱ እንግዶችና ለልጆች ሲቀርብ የኖረው እሱ ነው፤ ጌሾም ጋንም አይፈልግም።

አገር ቤት ጌሾ ለመትከል የቆረጠ ሰው ጊዜውን ከዓመት ፈቃዱ ጋር ያስማማ። ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ አገር የሚገባ ከሆነ፣ ከችግኝ ጣቢያ ሁለት ሦስት ችግኝ ገዝቶ በእናቱ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ ይትከል። ዝናቡ ያጸድቀዋል፤ በጋውን የዕቃ እጣቢ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ካገኘ፣ ቅጠል ለመልቀም ብዙ ዓመት አያስጠብቅም።