ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ ያመረቅዝ ይሆን? አስቀድሞ የማወቂያ ስሌት

ከመንዝ ወይም ከግሼ ደጋ አንድ ገበሬ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይነ ምድርም አየርም አልወጣ ብሎት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው ሕመሞች አንዱ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። የተጠማዘዘው አንጀት ደም ካጣ ስለሚሞት ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ የተሰፋው ቁስል በደኅና ይሽራል ወይስ ያመረቅዛል?

አንጀት እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ስለሚይዝ፣ ሲከፈት ቁስሉን የመበከል ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይህንን ሥጋት ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የቀረበው መለኪያ ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ ይጠይቃል።

1. በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጽኑ ታሞ ነበርን?
2. የተከፈተው ቦታ የተበከለ ወይም መግል የያዘ ነበርን?
3. ቀዶ ሕክምናው ለዓይነቱ ከተወሰነው ሰዓት በላይ ወስዷልን?

ለእያንዳንዱ «አዎ» 1 ነጥብ ይሰጣል። በመጀመሪያው ጥናት 0 ነጥብ ካላቸው 100 ቀዶ ሕክምናዎች 1.5 ያህሉ፣ 3 ነጥብ ካላቸው ደግሞ 13ቱ አመርቅዘዋል። እነዚህ አኃዞች ግን ለሁሉም አገር እኩል አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 66 አገሮችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና በኋላ የማመርቀዝ መጠን በበለጸጉት አገሮች ከ100 ሰዎች 9 ሲሆን፣ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ባሉት 23 ነው።

ነጥቡ ስለ ብዙ ሰዎች የሚናገር ግምት እንጂ በአንድ ሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ከዚህም በላይ ሊለወጥ የሚችል ነው። አንጀቱ ሕያው ሳለ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ እፎይታ አግኝቶ፣ ቀዶ ሕክምናው በዝግጅት ይደረግለታል። አንጀቱ ከሞተ ወይም ከተበሳ በኋላ የደረሰ ግን ሁለተኛውን ነጥብ፣ ብዙውን ጊዜም የመጀመሪያውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ራሱ በስሌቱ ውስጥ አለ።

የቀረው ድርሻ የሆስፒታሉ ነው። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው «ክሊን ከት» የተባለ መርሐ ግብር፣ በእጅና በቆዳ ንጽሕና፣ በመሣሪያዎች ማምከን፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን በሰዓቱ በመስጠትና በመሳሰሉት ላይ አተኩሮ የማመርቀዝን ሥጋት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል።

እንግዲህ ሥጋትን አስቀድሞ ማስላት የሚጠቅመው ለየትኛው በሽተኛ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ስለሚያመለክት ነው። ሆዱ ተነፍቶ ዓይነ ምድርና አየር የከለከለው ሰው ግን እስኪነጋ ሊጠብቅ አይገባም።