ካሜራ ፊት የሚጠፋ ጥርጣሬ

በሪያሊቲ ሾው የሚሳተፍ ሰው ሥራውን እንዲለቅ፣ ስልኩን እንዲያስረክብ፣ ለዘመድ እንኳ ትንፍሽ እንዳይል፣ አንዳንዴም ወዴት እንደሚወሰድ ሳይጠይቅ እንዲሳፈር ይታዘዛል። አጭበርባሪም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። በሌላ ጉዳይ ቢሆን የሚያስደነግጠው ነገር ሁሉ እዚህ የእውነተኛነት ምልክት ይመስላል። ስለዚህ የሚታለሉትን ሁሉ ቂል ማለት ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ውስጥ ኒክ ራሽያን በሚል ስም የሚጠራ ሰው 30 ያህል ተወዳዳሪዎችን ለዓመት የሚዘልቅ ፕሮግራም ብሎ መለመለ። ሥራቸውንና ቤታቸውን ትተው የመጡ ነበሩ። ሲሰበሰቡ የተነገራቸው በዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲያገኙ ነው፤ ሽልማቱ 100,000 ፓውንድም ከዚያው ራሳቸው ከሚያመጡት የሚቆረስ ነበር። ከጀርባው የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም።

በ2005 መጨረሻ ደግሞ ቻናል 4 የተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ጣቢያ ራሱ አታላይ ሆነ። «ስፔስ ካዴትስ» በተባለው ፕሮግራም ተወዳዳሪዎቹ ሩሲያ ገብተው ለጠፈር ጉዞ እየሠለጠኑ መሰላቸው። የነበሩት እዚያው እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ በአንድ አሮጌ የጦር አየር ማረፊያ ነው። ወደ ሩሲያ የወሰዳቸው የመሰላቸው አውሮፕላን አየር ላይ ሲዞር ቆይቶ እዚያው አገር መልሶ አሳርፏቸዋል። በመጨረሻ ጠፈር ደረሳችሁ ተባሉ። ሰው ጠፈር ላይ ይንሳፈፋል፤ እነሱ ግን መሬት ላይ እንደሚቆም ሰው ቆመዋል። ለዚህም ማብራሪያ ተሰጣቸው፤ ተቀበሉት። በመካከላቸው ያመኑ መስለው የሚያሳምኑ የተቀጠሩ ተዋናዮች ነበሩ።

የተዋናዮቹን ጉልበት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ መረዳት ይቻላል። የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ከተጠየቁት ሰዎች ሦስት አራተኛው ያህል፣ የተቀጠሩት ሌሎች በአንድ ድምፅ ሲሳሳቱ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው አብረው ተሳስተዋል።

ሌላው ወጥመድ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፍሪድማንና ፍሬዘር በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ግቢያቸው ውስጥ «በጥንቃቄ አሽከርክር» የሚል ግዙፍ አስቀያሚ ሰሌዳ እንዲተከል በቀጥታ ከተጠየቁት የተስማሙት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። አስቀድመው ስለዚሁ ጉዳይ አንዲት ትንሽ ምልክት ለመለጠፍ እሺ ካሉት ግን 76 በመቶው ፈቀዱ። የማመልከቻ ቅጽ፣ ፎቶ፣ ፊርማ፣ ከዚያ መልቀቂያ ደብዳቤ፦ ዝና ፈላጊም የሚወርደው በዚሁ ደረጃ ነው።

ከሰሜን ወሎዋ ኮን ተነስቶ በጋሸና በኩል አዲስ አበባ ለድምፅ ውድድር የሚሄድ ወጣት ቢታሰብ፣ በግ ተሸጦ መሳፈሪያ ሆኖለታል፤ ጎረቤት መርቆ ሸኝቶታል። ጠሪው ሐሰተኛ ቢሆንና ወጣቱ ቢጠረጥር እንኳ፣ ጥርጣሬውን ማመን ማለት በጉንም ምርቃቱንም ከስሮ ሸኚዎቹን ዓይን ለዓይን ማየት ነው። ጥርጣሬውን ቢያፍነው ምን ይገርማል? ችግር በገጠመው ቁጥር «ይኼም የፈተናው አካል ይሆናል» ለማለት የሚያስችል በር ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ኮን የምትገኝበት ዋድላ በቅኔ ቤቱ የታወቀ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። ዳኛው ይታያል፣ ይታወቃልም። የቴሌቪዥን ዕጩ ግን የሚፈርድበትን ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው የጠራውን ብቻ ነው።

የለንደኑ ማታለል በቀናት ውስጥ ፈረሰ፤ ያፈረሰው መኝታና ምግብ የሚከፍል አለመኖሩ ነው። ከተታለሉት መካከል ለዜና ክፍል ደውለው ያጋለጡም ነበሩ። በመጨረሻም ቴሌቪዥን ላይ ወጡ፦ ስለመታለላቸው በተሠራ ዘጋቢ ፊልም።