ባሕር ሸሽ መሬት

ጣና ዳር በጋው ገፍቶ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው ጥቁር መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ገበሬው እርጥበቱ ሳያመልጠው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ክረምት ሲገባ ሐይቁ መሬቱን መልሶ ይወስዳል። ልማዱ የቆየ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን በብዙ ቦታ ከሐይቁ የተወሰደው መሬት ሳይመለስ መቅረት ጀመረ።

በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ መውጫ በር ተበጀለት። በ1995ቱ ድርቅ የጣና ከፍታ ክፉኛ ወረደ፤ ትልልቆቹ መርከቦች ቆሙ፣ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሐይቅ ወለል ደረቀ፣ 562 ሄክታር የሚሆነውም ታረሰ። ደንገሉም አብሮ ተመነጠረ። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ውኃው ሁለተኛ መውጫ አገኘ።

በደቡብ በኩል ሌላ ነገር ይካሄዳል። የጣና ትልቁ ገባር፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ፣ ከሰከላ ቁልቁለት ጀምሮ የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ሐይቁ አፍ ላይ ይዘረግፋል። ደለሉ እየተከመረ ወደ ውኃው ይገፋል። ለሰከላው ገበሬ ኪሳራ የሆነ አፈር ታች ላለው ገበሬ ማሳ ሆነ፤ ማንም ግን ይህን ብሎ አልወሰነም።

ነጩ ዓሣ እዚህ መሐል ነው ያለው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክረምቱ ሲጋመስ ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ጠጠሩን ደለል ካለበሰው እንቁላሉ ይታፈናል። የተረፈው ጫጩት ወደ ሐይቁ ወርዶ የሚያድገው ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ደንገል ሥር ነው፤ ታርሶ ያለቀውም ይኸው ዳር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእርሻ ላይ መደፍደፍ ግን ልክ አይሆንም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ ወዲህ በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ተለመደ። በደቡባዊው ጣና የነጭ ዓሣ ምርት ከ1983 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ። በ2004 ገደማ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁ ላይ ሲደርስ ዓሣው አስቀድሞ ተመናምኖ ነበር።

ውኃ መሬት ሲሆን ሌላ ቦታ የሚከሰስ አለ፦ ጃካርታ ባሕር ላይ 17 ደሴት ሊሞላ ሲል ዓሣ አስጋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ገዥ የ13ቱን ፈቃድ ሰረዙ። እዚያ የሚሰረዝ ወረቀት ነበረ። ጣና ላይ ግን መሬቱን የሠሩት ግድቡ፣ ጎርፉና ማረሻው ተጋግዘው ስለሆነ ከሳሽ ቢገኝም ተከሳሽ አይገኝም። ካሣ የሚባል ነገርም አይነሣም።

ነገደ ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች ከትውልድ ትውልድ ኑሯቸው ሐይቁ ነው፤ አብዛኞቹ የእርሻ መሬት ስለሌላቸው ባሕር ሸሹ ሲታረስ ተጠቃሚ አልሆኑም፤ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገልም ራቀ። ባለ ሞተሩ ዓሣ ሲያጣ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ባለ ታንኳው ግን ዳር ዳሩን እንጂ ሌላ የሚሄድበት የለውም።