የነጭ ጅራት አጋዘን የረገፈ ቀንድ፦ ከሜዳ እስከ ግድግዳ

በሰሜን አሜሪካ ጫካዎችና የእርሻ ዳርቻዎች ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ወንዱ ነጭ ጅራት አጋዘን ቀንዱን ይጥላል። ከሚያዝያ ጀምሮ ያበቀለውን፣ በኅዳር ከተቀናቃኞቹ ጋር የተጋጠመበትን ያን ቀንድ አንድ ቀን ሲግጥ ወይም አጥር ሲዘል ይለየውና መንገዱን ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከደረቀው ቅጠል መካከል ብቅ ያለ ቡናማ ጫፍ ያያል። ያነሣው ቀንድ በሕይወት ካለ አውሬ የቀረ ነው፤ ባለቤቱ ምናልባት ከአንድ ሸንተረር ማዶ ሆኖ የሚቀጥለውን ለማብቀል እየተዘጋጀ ይሆናል።

ይህን የረገፈ ቀንድ ፈልጎ ማግኘት፣ ማጽዳት፣ ከጥንዱ ጋር ማጣመርና በግድግዳ ላይ ማቆም በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ወዳጆች ያሉት ሙያ ነው። እንጨትና ብሎን ያገኘ ሁሉ የሚችለው ይመስላል። ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው የሚለየው ግን ቀንዱ ስለ አውሬው የሚናገረውን ሳያዛቡና ሳያጠፉ ማሳየት መቻል ነው።

የሚረግፍ አጥንት

የዚህ ዓይነት ቀንድ ያለው አውሬ በኢትዮጵያ ምድር የለም። የባሌው ደጋ አጋዘን፣ ድኩላውና ዋልያው የሚሸከሙት ቋሚ ቀንድ ነው። ውስጡ አጥንት ሲሆን ላዩን ጥፍር ከተሠራበት ኬራቲን የበቀለ ቅርፊት እንደ ሰይፍ ሰገባ ይለብሰዋል። ቅርንጫፍ አያወጣም፤ እንስሳው በሕይወት እስካለ ድረስም አይረግፍም። የነጭ ጅራቱ ቀንድ ግን ከሥር እስከ ጫፍ አጥንት ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱም ወድቆ እንደ አዲስ ይበቅላል። የሚያበቅለውም ከስንት አንዴ ከሚያጋጥም እንግዳ ነገር በስተቀር ወንዱ ብቻ ነው።

ዕድገቱ በግንባር አጥንት ላይ ካሉ ሁለት ጉብታዎች ይጀምራል። በሙቀት ወራት ቀንዱ ከፋይ በመሰለ፣ የደም ሥርና ነርቭ በሞላበት ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ያድጋል። ዕድገቱ በሚፈጥንበት ጊዜ በቀን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ይህን ያህል አጥንት በጥቂት ወራት ለመሥራት የሚበላው ብቻ ስለማይበቃው አውሬው ከገዛ የጎድን አጥንቱ ሳይቀር ካልሲየምና ፎስፈረስ ይበደራል፤ ቆይቶ ከመኖው መልሶ ይተካዋል።

የቀኑ ብርሃን እያጠረ ሲሄድ በደሙ ውስጥ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ቀንዱ ይጠነክራል፤ የሸፈነው ቆዳም ይደርቃል። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አውሬው ቀንዱን ከግንድ ጋር እየፈተገ ቆዳውን ይገፍፈዋል። ቀንዱን ቡናማ የሚያደርገው በዚህ ጊዜ የሚደርቅበት ደምና ከዛፉ የሚነካው ጭማቂ ነው። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች ቀንዱና ጉብታው የሚገናኙበትን መስመር ይበላሉ፤ ቀንዱም ይወድቃል። ጉብታው ላይ የምትቀረው ትንሽ ቁስል በሳምንታት ውስጥ ትሽራለች።

የቅርንጫፉን ብዛት ቆጥሮ ዕድሜ መናገር አይቻልም። የቀንዱን መጠን የሚወስኑት ዕድሜ፣ መኖና ዘር ተጣምረው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ለዚህም ነው ትልቅ ጥንድ ቀንድ ማግኘት ብርቅ የሆነው፤ አዳኝ፣ መኪናና ብርድ ባለበት አገር እዚያ ዕድሜ የሚደርሰው ወንድ ጥቂት ነው።

ከማንሣት በፊት

ፈላጊዎች የሚያዘወትሩት አውሬው ብርዱን የሚያሳልፍበትን ቦታ ነው፦ ፀሐይ የሚያገኘውን ተዳፋት፣ የሚተኛበትን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ ወደ እህል ማሳ የሚሄድበትን ዱካና የሚዘለውን አጥር። ቀንድ በማሽተት እንዲያገኝ የሠለጠነ ውሻ ይዘው የሚወጡም አሉ። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ አይጥ፣ ሽኮኮና ጃርት ለማዕድኑ ሲሉ ቀንዱን ይግጡታል፣ ፀሐዩም ያነጣዋል።

መቸኮልም የራሱ ጣጣ አለው። በብርዱ ማብቂያ አጋዘኑ ስቡን ጨርሷል፤ ሰው ባባረረው ቁጥር ሊተካ የማይችለውን ጉልበት ያባክናል። እንደ ዋዮሚንግና ኮሎራዶ ያሉ ግዛቶች በተወሰኑ የሕዝብ መሬቶች ላይ ቀንድ ለመልቀም ቀን የቆረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በግል መሬት ላይ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ማንሣት ክልክል ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሮክ ክሪክ ፓርክ ነጭ ጅራቱን ከመንገድ ዳር ያዩታል። እዚያ የወደቀ ቀንድ ያየ ሰው ግን አይቶ ማለፍ አለበት፤ ቦታው የፌዴራል ፓርክ ነውና። ወደ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለሽርሽር የሚወጣም በዚያው ሕግ ይገዛል።

የጤና ጉዳይም አለ። አጋዘንን ቀስ በቀስ አክስቶ የሚገድል፣ በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ የሚከማች ፈውስ የሌለው በሽታ በብዙ ግዛቶች ተዛምቷል። ከሞተ አውሬ የተገኘ፣ የራስ ቅል የተጣበቀበት ቀንድ ከግዛት ግዛት ሲጓጓዝ ጥብቅ ሕግ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። በራሱ የረገፈ ቀንድ የአንጎል ሥጋ ስለማይነካው ነገሩ ይቀልለታል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ የረገፈው ግርጌው ሻካራና በአብዛኛው ወደ ውጭ ያበጠ ሲሆን የተቆረጠው ለጥ ያለ የመጋዝ ምልክት አለው።

ጥንዱና ስፋቱ

ሁለቱ ጎኖች አንዳንዴ ጎን ለጎን ወድቀው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም አንዱ ከሌላው ብዙ ርቆ ይወድቃል። የአንድ አውሬ መሆናቸው የሚታወቀው በግርጌው ዙሪያ ባለው የጎርባጣ ቀለበት፣ ከግንባር አቅራቢያ በሚወጣው የመጀመሪያ ቅርንጫፍ፣ በዋናው ግንድ አጎነባበስና በቀለሙ ነው።

ጥንዱ ከተገኘ በኋላ ሙያው የሚፈተንበት ጥያቄ ይመጣል፦ በሁለቱ መካከል ምን ያህል ክፍተት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1887 ቴዎዶር ሩዝቬልትና ጆርጅ በርድ ግሪኔል ከሌሎች ጋር የመሠረቱት ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ቀንድን በኢንች ይለካል። የዋናውን ግንድና የቅርንጫፎቹን ርዝመት፣ የግንዱን ዙሪያና የውስጡን ስፋት ይደምራል፤ በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ይቀንሳል። መደበኛ ቅርጽ ያለው የነጭ ጅራት ቀንድ በክለቡ የምንጊዜም መዝገብ ለመግባት 170 ኢንች ያስፈልገዋል። ክብረ ወሰኑ 213 ከ5/8 ኢንች ሲሆን ማይሎ ሃንሰን የተባለ ካናዳዊ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1993 በሳስካችዋን ካደነው አውሬ የተገኘ ነው።

የረገፈ ጥንድ በዚህ መዝገብ አይገባም። የራስ ቅሉ በሌለበት ስፋቱን በእርግጠኝነት መለካት አይቻልም፤ ለረገፈ ቀንድ የራሱ መዝገብ ያለው ሌላ ክለብ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሰው ግን ስፋቱን መወሰን ግድ ይሆንበታል። ትንሽ ከፈት ቢያደርጋቸው አውሬው ይተልቃል፤ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ አውሬው በሕይወት ሳለ የተነሣ ፎቶ ነው። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ታስረው እንቅስቃሴ ሲያዩ የሚያነሡ ካሜራዎች ዛሬ በየቦታው አሉ። አዋቂ ወንድ ጆሮዎቹን በንቃት ሲያቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሚሆን፣ ከፊት የተነሣ ፎቶ ላይ ጆሮውን እንደ መለኪያ ይዞ የቀንዱን ስፋት መገመት ይቻላል። ፎቶ ከሌለ ጠበብ አድርጎ መገመት ከማጋነን ይሻላል፤ ግምት መሆኑንም መጻፍ ይገባል።

ማጽዳት

ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጭቃውን ከጎድጓዳው ማውጣት እንጂ ቀንዱን ማንጣት አይገባም። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ቀለሙን ያወጣዋል። በረኪና ደግሞ ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ አጥንቱን ያፈረካክሰዋል። ከታጠበ በኋላ ከፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የቆየ ስንጥቅ ካለ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ ቢደረግበት እንዳይሰፋ ይይዘዋል።

ፀሐይ ያነጣውን ቀንድ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ወይም በእንጨት ቀለም መልሶ ቡናማ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ንጣቱን መተው እመርጣለሁ፤ ቀንዱ ሜዳ ላይ እንደ ከረመ ይናገራልና። የአይጥ ጥርስ ምልክትም እንዲሁ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲጠፋ ታሪኩ አብሮ ይፋቃል። የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መቀባት ደግሞ አጥንቱን ፕላስቲክ ያስመስለዋል።

ሦስት የማቆሚያ መንገዶች

የመጀመሪያው ምንም ቀዳዳ የሌለበት ነው። ቀንዱ በሽቦ መያዣ ላይ ይቀመጣል፣ ወይም በቀጭን ጠፍር ከእንጨት ሰሌዳ ጋር ይታሰራል። በፈለጉ ጊዜ አውርዶ በእጅ መያዝ፣ መመዘንና መለካት ይቻላል። ሰብሳቢዎች ያልተበሳ ቀንድ የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በሰው ሠራሽ ግንባር ላይ ማቆም ነው። የሁለቱ ግርጌ በትራፓኖ ይበሳል፤ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ብሎን በኢፖክሲ ይገባል፤ ከሬዚን የተሠራ የራስ ቅል ወይም የእንጨት መደብ ላይ ይታሰራል። ቀዳዳው ግርጌው መሃል ላይ፣ የተፈጥሮ ዘንበልታውን ተከትሎ መሆን አለበት። ትራፓኖው በዝግታ ይሽከረከራል፤ ሲፈጥን አጥንቱ ይቃጠላል። የአጥንት ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ያለ አፍ መሸፈኛ መሥራት አይገባም። ኢፖክሲው ከመጥናቱ በፊት ፎቶው አጠገብ ይያዝና ከፊትም ከጎንም ይመሳከራል። በዚያች ሰዓት የጠመመ ቀንድ ለሁልጊዜው ጠሞ ይቀራል።

ሦስተኛው ሙሉ አንገትና ጭንቅላት ነው። ባለሙያው በፎም ቅርጽ ላይ ከሌላ አጋዘን በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ቆዳ ያለብስና የረገፈውን ጥንድ ይተክልበታል። ዓይን የሚሞላ ሥራ ነው፤ ውድም ነው። ፊቱ የሌላ አውሬ መሆኑ ግን መነገር አለበት፤ ዝም ከተባለ ተመልካቹ የሚያየው አንድ እንስሳ ይመስለዋል።

ግድግዳው

ትልቅ ጥንድ ከነመደቡ በርካታ ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል የአሜሪካ ቤቶች የጂፕሰም ግድግዳ ብቻውን አይችለውም። ብሎኑ ከጂፕሰሙ ኋላ ካለው ቋሚ እንጨት ጋር መያዝ አለበት፤ ቋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በ16 ኢንች፣ ማለትም በ40 ሴንቲ ሜትር ግድም ልዩነት ይገኛሉ። መደቡ በውኃ ልክ ይስተካከላል። ከፍታው ለዓይን የቀረበ ይሁን፤ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ቀንድ ዝርዝሩ አይታይም። ጫፎቹ ግን ሰው በሚያልፍበት፣ ሕፃን በሚሮጥበት አቅጣጫ መውጣት የለባቸውም።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ከእሳት ምድጃ በላይ ያለው ቦታ ለቀንድ የከፋው ነው፤ ሙቀቱ ያሰነጥቀዋል፣ ጭሱ ያጠቁረዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊትም አይሆንም። ከጎን የሚመጣ ለስላሳ የኤልኢዲ ብርሃን ጎርባጣውንና ስርጉዱን አጉልቶ ያሳያል። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል።

የጽሑፉ ጉዳይ

ከመደቡ ጀርባ የሚለጠፍ ትንሽ ጽሑፍ ለምን እንደሚያስፈልግ የጄምስ ጆርዳን ታሪክ ያስረዳል። ነገሩ የረገፈ ሳይሆን የታደነ አውሬ ነበር። ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1914 በዊስኮንሲን ዳንበሪ አቅራቢያ ያደነውን ነጭ ጅራት ጭንቅላት እንዲያዘጋጅለት ለአንድ ባለሙያ ሰጠ። ባለሙያው አካባቢውን ለቆ ሄደ፤ ቀንዱም ከጆርዳን ዓይን ተሰወረ። ከአሥርት ዓመታት በኋላ በሚኒሶታ ሳንድስቶን በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ሌላ ሰው በጥቂት ዶላር ገዛው። ሲለካ 206 ከ1/8 ኢንች ሆኖ የዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ወጣለት፤ አዳኙ ግን ያልታወቀ ተባለ። ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ የጆርዳን መሆኑን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ጆርዳን ከውሳኔው ጥቂት ቀደም ብሎ አርፎ ነበር። ስምና ቦታ የያዘች አንዲት ወረቀት ይህን ሁሉ ዘመን ታድን ነበር።

በረገፈ ቀንድ ላይ ደግሞ ጽሑፉ የበለጠ ይሠራል፤ አንድ አውሬ ዕድሜውን ሙሉ ቀንድ ይጥላልና። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው የአንዱን ወንድ የሦስትና የአራት ዓመት ቀንዶች በተከታታይ ሊያገኝ ይችላል። እነዚህን በየዓመታቸው ከታች ወደ ላይ መደርደር ከየትኛውም ነጠላ ትልቅ ቀንድ የሚበልጥ ትርኢት ነው። ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ፣ ያቺ የተለየች ጎባጣ ቅርንጫፍ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ስትመለስ፣ እርጅና ሲመጣ ቀንዱ መልሶ ሲያንስ ይታያል። ጉብታው ላይ የደረሰ ጉዳት በየዓመቱ ቅርጹን ያዛባል፤ የኋላ እግሩ የተጎዳ አውሬም ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ጎን የተበላሸ ቀንድ ያበቅላል።

ስለዚህ ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት ብዕር ይነሣ፦ የተገኘበት ቀንና ቦታ፣ ያገኘው ሰው፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ፣ ስፋቱ የተገመተ ከሆነ በምን እንደተገመተ፣ የተጠገነ ወይም የተቀባ ነገር ካለ እሱም ይጻፍ። ባለቤቱ ቤት ሲቀይር ወይም ለልጁ ሲያወርስ፣ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው አውርዶ ከጀርባው የሚያነበው እውነት ሊኖረው ይገባል።