ራሱን የሚነዳ መኪናና የጣርማበር ጉም

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በደብረ ብርሃን አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለጥገና ባለሙያ የሚያቀርበው ጥያቄ ተለውጧል። ቀደም ሲል የሚጠየቀው ስለ ሞተር ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታና ስለ መለዋወጫ ነበር፤ አሁን ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ካሜራና ራዳር ተገጥሞላቸው ስለሚደርሱ፣ «ራሱን የሚነዳውን» ዓይነት ለመውሰድ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። መልሱን ለማግኘት የሻጩን መግለጫ ወደ ጎን አድርጎ፣ መኪናው የሚውልበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ኤስ.ኤ.ኢ. በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው አከፋፈል መሠረት፣ መኪና ራሱን የመንዳት ችሎታው ከዜሮ እስከ 5 በሚደርሱ ደረጃዎች ይለካል። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የሚታዩት እጅግ የረቀቁ የግል መኪኖች ከሁለተኛው ደረጃ አያልፉም፤ ይህም ማለት መኪናው መሪውንና ፍጥነቱን ባንድነት ሊይዝ ይችላል፣ መንገዱን ያለማቋረጥ የመከታተል ግዴታውና ተጠያቂነቱ ግን ከአሽከርካሪው ላይ አይነሣም። ዓይንን ከመንገድ ማንሣት የሚፈቀደው ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው፤ መርሴዲስ በጀርመን በ2022 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ያቀረበው ይህን መሰሉ ሥርዓት እንኳ ሲጀመር ይሠራ የነበረው በአውራ ጎዳና ላይ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ብቻ ነበር።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚወስደው አስፋልት ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አቋርጦ ያልፋል፤ በገበያ ቀን የጭነት አህያ የሚነዱ ገበሬዎች፣ የፈረስ ጋሪዎችና ባጃጆች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይጓዛሉ። ልምድ ያለው አሽከርካሪ አህዮቹን ከሩቅ ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና አለመኖሩን አረጋግጦ ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል። መስመር ጠባቂው ሥርዓት ግን ሥራው መኪናውን በሁለት ቀለም መካከል ማቆየት ስለሆነ፣ ያለ ፍሬቻ ወደ ግራ የዞረውን መሪ እንደ ስሕተት ቆጥሮ መልሶ ይስበዋል። አሽከርካሪው ጠንከር አድርጎ ከያዘው መሪው ይታዘዝለታል፤ ሆኖም አህያዋ ወደ መሀል በገባችበት ቅጽበት ከገዛ መኪናው ጋር መታገሉ ማንም ሊከፍልበት የሚገባ አገልግሎት አይደለም።

ከዚህ የከፋው የቆመ መኪና ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የተበላሸ አይሱዙ ከኋላው ድንጋይ ተደርድሮለትና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተጥሎለት ይቆማል፤ ማንኛውም ሾፌር ቅጠሉን እንዳየ ከፊቱ አደጋ እንዳለ ይረዳል። ካሜራው የሚያውቀው ሶፍትዌሩ ሲሠለጥን ያየውን ምስል ብቻ ስለሆነ ከቅጠሉ የሚያነበው መልእክት የለም። ራዳሩም፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ ልኮ በሚመለሰው ነጸብራቅ ርቀትንና ፍጥነትን የሚለካው መሣሪያ፣ የመንገድ ምልክቱንና የድልድዩን ብረት ሁሉ እንቅፋት እያለ ፍሬን እንዳይዝ ሲባል፣ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ የማይንቀሳቀሰውን አካል ችላ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማበር ይመጣል፤ ከአፋር ቆላ በኩል ሽቅብ የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቀዘቅዝ ወደ ጉም ስለሚለወጥ፣ መንገዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሰወራል። ካሜራው ነጭ ግድግዳ ብቻ በሚያይበት በዚህ ሰዓት ሥርዓቱ በድምፅ አስጠንቅቆ ራሱን ያጠፋል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ልቡን አሳርፎ የቆየ አሽከርካሪ መሪውን የሚረከበው መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በቻይናዋ አንኹዊ ክፍለ ሀገር፣ በአውራ ጎዳና ላይ፣ ሾፌሩ መሪውን ከሥርዓቱ ከተረከበ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አንድ የሻኦሚ መኪና ከኮንክሪት አጥር ጋር ተጋጭቶ ሦስት ወጣቶች ሞተዋል፤ የአገሪቱ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርም በተከታዩ ወር አምራቾች ችሎታውን አጋነው እንዳያስተዋውቁ አስጠንቅቋል።

ይህ ሁሉ ግን ከአደጋ የሚጠብቀውን የሥርዓቱን ክፍል አይመለከትም። አሽከርካሪው ሲዘናጋ ፍሬን የሚይዘው አውቶማቲክ የአደጋ ጊዜ ፍሬን፣ ምንም እንኳ እርሱም በጉም ቢዳከም፣ የሰው ነፍስ የሚያተርፍ ስለሆነ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል፤ ገዢውም ይህ የሌለውን መኪና ባይወስድ ይመረጣል። ዋጋው የማይጸናው መኪናውን የሚነዳው ክፍል ነው፤ ቴስላ በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. 15,000 ዶላር ያስከፍልበት የነበረውን ሶፍትዌር በ2024 በ8,000 ዶላር ሸጧል፤ ቢ.ዋይ.ዲ. ደግሞ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የራሱን ሥርዓት በቻይና ገበያ ለአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚገጥም አስታውቋል።

አንድ ነገር ከጋራዡ በኩል መጨመር ይገባል። ዋናው ካሜራ የሚገጠመው ከፊት መስታወቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ከሲኖትራክ ጎማ ሥር የተፈናጠረ ጠጠር መስታወቱን ሰንጥቆት ሲቀየር፣ የካሜራው አቅጣጫ በልዩ መሣሪያ እንደገና መለካት አለበት፤ ይህ ሳይደረግ የቀረ መኪና መስመሩን ከቦታው አዛንፎ ያነባል። ስለዚህ ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት መስታወቱ ቢሰበር ልኬቱን የት እንደሚያሠራ ሻጩን ይጠይቅ፤ ሥርዓቱንም ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መንገድ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሻጩ ራሱ አብሮት ተቀምጦ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ለሚነዳው ክፍል የታሰበውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለጉም መብራት ቢያውለው ለጣርማበር ቁልቁለት ይበልጥ ይጠቅመዋል።