ሁለተኛዋ መቼ ገባች?

የመጀመሪያዋን ሴት ሐኪም ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በጽናቷ ላይ ነው። ጽናቷ ክብር ይገባዋል። እሷ ስላለፈች ግን ለሌሎቹም መንገዱ ተከፈተ ብለን ከደመደምን ማስረጃው አይደግፈንም። የኤልዛቤት ጋሬትን ጉዳይ እንመልከት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1860 ለንደን በሚገኘው ሚድልሴክስ ሆስፒታል በነርስነት ገብታ ከወንዶች ጋር ትምህርት ስትከታተል፣ ተማሪዎቹ ትውጣልን ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ እሷም ወጣች። ያመለከተችባቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶች አልቀበልም አሏት። የቀራት በፈተና የሐኪምነት ፈቃድ የሚሰጠው የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ነበር። መተዳደሪያ ቻርተሩ ስለ «ሰዎች» እንጂ ስለ ወንዶች አይናገርም፤ ማኅበሩ ሲያንገራግር ባለጸጋው አባቷ እንደሚከሱት አስጠነቀቁ። በግል መምህራን ተምራ በ1865 ፈተናውን አለፈች፤ በብሪታንያ ሴትነቷን ሳትደብቅ ተፈትና የሐኪምነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ በግል የተማረ ሰው እንዳይፈተን ደንቡን ቀየረ። ሌላ ሴት በዚያ በር መግባት አልቻለችም።

ደንቡ የተቀየረው ለትምህርት ጥራት ሲባል ነው የሚል ይኖራል። ጥራት መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ሐኪም የሰው ሕይወት በእጁ ነውና። ነገር ግን ሴቶች በግል የሚማሩት ትምህርት ቤቶቹ ስለማይቀበሏቸው ነበር። ትምህርት ቤቱን ዘግቶ «ትምህርት ቤት ያልገባ አይፈተንም» ማለት ጥራትን አይጠብቅም፣ ሴትን ያስቀራል እንጂ። ደግሞም ጋሬት በ1870 ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት አግኝታለች፤ የችሎታ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። አላበቃም። የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር በ1873 አባል ካደረጋት በኋላ፣ በ1878 ሌሎች ሴቶች እንዳይገቡ ወሰነ። እስከ 1892 ድረስ ብቸኛዋ ሴት አባል እሷ ነበረች።

«እሷ ባትቀድም ሌሎቹ ከየት ይመጡ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከጥራቱ ክርክር ይከብዳል። እውነትም አለው። ይሁን እንጂ የጋሬት ትልቁ ሥራ የሚመስለኝ ፈተናውን ማለፏ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሠራችው ነው። በ1872 ሐኪሞቹ ሴቶች የሆኑበት የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመች። እንደ እሷ ሐኪም ለመሆን የምትታገለው ሶፊያ ጄክስ ብሌክ በበኩሏ ከጓደኞቿ ጋር ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራ ነበር፤ በ1873 ግን ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ሊነፍጋቸው ይችላል ብሎ ፈረደ። በዓመቱ የለንደን የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤትን መሠረተች፤ ጋሬትም አብራት ሠራች፣ ኋላም በዲንነት መራችው። በ1876 ፓርላማው ፈታኝ አካላት ሴቶችን መፈተን እንዲችሉ ሕግ አወጣ፤ በ1877 ደግሞ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ተቀበለ። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ሕግ የተገናኙት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣችው ተማሪ ሐኪም ለመሆን ባለጸጋ አባትም ሆነ የቻርተር ክፍተት አላስፈለጋትም።

ስለዚህ በየትኛውም ሙያ ስለ አንዲት «የመጀመሪያዋ ሴት» ስትጽፉም ሆነ ስታነቡ፣ ሁለተኛዋ መቼ እንደገባችና ማን እንዳስገባት አብራችሁ ጠይቁ።