«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?»፦ ዕድሜው ገፋ ያለ ሥራ ፈላጊ ምን ይመልስ?

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው ሊጠብቃቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ወደፊት ዕቅዱ የሚቀርበው ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» መባል ለ25 ዓመት ወጣት ምኞቱን የሚናገርበት ዕድል ነው። ለ52 ዓመት ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ድምፅ አለው፤ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ቀርቶዎታል?» የተባለ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ስለ ዕድሜው ይቅርታ የሚጠይቅ ያህል ይሸማቀቃል፤ ሌላው ያለፈውን የአገልግሎት ታሪኩን መዘርዘር ይጀምራል። ሁለቱም ጥያቄውን ሳይመልሱ ከክፍሉ ይወጣሉ።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ለምን እንደሚቀርብ፣ ሕጉ ስለ ቀሪው የሥራ ዘመን ምን እንደሚልና መልሱ እንዴት ሊዋቀር እንደሚችል ያብራራል።

በዚህ ዕድሜ ሥራ ፍለጋ ለምን?

በሀገራችን ሥራ ፈላጊ ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አዲስ ተመራቂ ነው። ይሁን እንጂ ከ45 ዓመት በላይ ሆነው እንደገና የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ድርጅቱ የተዘጋበት ወይም ሠራተኛ የቀነሰበት፣ በግጭት ምክንያት ከነበረበት ከተማ የለቀቀ፣ ልጆቿን አሳድጋ ወደ ሥራ ለመመለስ የወሰነች እናት፣ ከዓረብ ሀገራት የተመለሰች እህት፣ ሁሉም በዚሁ ሰልፍ ውስጥ አሉ።

ለእነዚህ ሰዎች ጉዳዩ ከወር ደመወዝ ያለፈ ነው። ብዙዎቹ ተማሪ ልጆችና በዕድሜ የገፉ ወላጆች አሏቸው። በተጨማሪም የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የመውጫ ዕድሜውን 60 ዓመት አድርጎታል፤ ለዐቅዱም አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ያዋጣሉ። የአገልግሎት ዘመኑ ሳይሟላ 60 ዓመት የደረሰ ሰው በየወሩ የሚከፈል አበል አይኖረውም፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ተቀብሎ ይሰናበታል። ስለዚህ በ50 ዓመት የተገኘ ወይም ያመለጠ ሥራ የእርጅናን ኑሮ የሚወስን ሊሆን ይችላል።

ከጥያቄው በስተጀርባ ያሉ ሦስት ስጋቶች

ጠያቂዎች የአመልካቹን የሩቅ ሕልም ለማወቅ ያላቸው ጉጉት ውስን ነው። ዕድሜው ገፋ ላለ አመልካች ጥያቄውን ሲያቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ያሳስቧቸዋል። አንደኛው ቆይታ ነው፤ «አሠልጥነን ሥራ ካስያዝነው በኋላ ወዲያው ጡረታ ይወጣብናል» የሚል። ሁለተኛው መማር ነው፤ «አዲሱን አሠራር ይቀበል ይሆን ወይስ የለመደውን ብቻ ይዞ ይቀጥላል?» የሚል። ሦስተኛው መታዘዝ ነው፤ «ልጁ ከሚሆን ኃላፊ ጋር ይግባባል ወይ?» የሚል።

ጥሩ መልስ የሚባለው ሦስቱን ስጋቶች በስም ሳይጠራ የሚያረግብ ነው። ይህ ደግሞ በዝግጅት እንጂ በድንገት የሚመጣ አይደለም።

መጀመሪያ ስሌቱን መሥራት

ዕድሜው የገፋ አመልካች ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባ ቀላል ስሌት አለ። የመውጫ ዕድሜው 60 ከሆነ የ52 ዓመት ሰው ስምንት የሥራ ዓመታት ከፊቱ አሉ። ጥያቄው የሚለው አምስት ዓመት ነው። ይህም ማለት የተጠየቀው ጊዜ በቀሪው የሥራ ዘመን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ሦስት ዓመትም ይተርፋል። የ48 ዓመት እናት 12 ዓመት አላት። የ57 ዓመት ሰው ግን ሦስት ዓመት ብቻ ስላለው የአምስት ዓመት ተስፋ ከመስጠት ይልቅ የሦስት ዓመት ዕቅድ ይዞ መቅረብ ይሻለዋል።

በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ያጠናቀቀ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ ሥራ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ወጣትም ሆነ ጎልማሳ አምስት ዓመት ስለመቆየቱ በሕግ ዋስትና የሚሰጥ የለም። አዲስ ተመራቂው ልምድ ካገኘ በኋላ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል፤ ኑሮውን በአንድ ከተማ ያደላደለ ሰው ግን የመቆየት ምክንያቱ ብዙ ነው። ይህን ወጣቶችን ሳይነቅፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ «ኑሮዬም ቤተሰቤም እዚሁ ከተማ ነው፤ ከዚህ የመሄድ ሐሳብ የለኝም» ማለት በቂ ነው።

ዕድሜን መሸሸግ ግን አይበጅም። የልደት ዘመን በጡረታ ምዝገባም ሆነ በመታወቂያ ላይ መውጣቱ አይቀርም። በኋላ የተገኘ ልዩነት ደግሞ ጥያቄውን ከዕድሜ ወደ ታማኝነት ያዞረዋል።

መልሱ እንዴት ይዋቀር?

የሚመከረው አወቃቀር ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ መጀመሪያ የሚሠሩት፣ ቀጥሎ የሚማሩት፣ በመጨረሻም ለሌሎች የሚያስተላልፉት ሥራ። አንድ የ52 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ለንግድ ድርጅት አመለከቱ እንበል። መልሳቸው የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«አሁን 52 ዓመቴ ነው፤ ከፊቴ ስምንት የሥራ ዓመታት አሉኝ። በመጀመሪያው ዓመት የድርጅቱን አሠራር በሚገባ አውቄ የየወሩ ሂሳብ በጊዜው እንዲዘጋ ማድረግ እፈልጋለሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በማስታወቂያው ላይ የጠቀሳችሁት አዲሱ የሂሳብ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እንዲውል የበኩሌን እወጣለሁ፤ ለዚህም ሥልጠና ጀምሬያለሁ። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ እኔ በሌለሁበት ቀን ሥራው እንዳይቆም ወጣት ባልደረቦቼን አብቅቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

ይህ መልስ ዕድሜን በግልጽ ተናግሮ ያልፋል። ቆይታን በቁጥር፣ መማርን በተጀመረ ሥልጠና፣ ከወጣቶች ጋር መሥራትን ደግሞ በማብቃት ያሳያል። የተነገረው ሥልጠና በእርግጥ የተጀመረ መሆን አለበት፤ ተከታዩ ጥያቄ «የት ነው የሚሠለጥኑት?» የሚል ነውና።

በአንጻሩ ሊወገዱ የሚገባቸው መልሶች አሉ። «ጡረታዬ እስኪደርስ መሥራት ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ለድርጅቱ የሚናገረው ነገር የለም። «የትም ብትመድቡኝ ደስ ይለኛል» ማለት ትሕትና ቢመስልም ዕቅድ አልባነትን ያሳያል። «ነገን ፈጣሪ ያውቃል» የሚለው ደግሞ ከልብ የሚነገር ቃል ነው፤ ነገር ግን ነጥብ የሚሰጥ ኮሚቴ በወረቀቱ ላይ የሚሞላው ነገር አያገኝበትም። «ፈጣሪ ቢፈቅድ» ብሎ ጀምሮ ዕቅዱን ማስከተል ሁለቱንም ያስታርቃል።

መማርን በማስረጃ ማሳየት

«ለመማር ዝግጁ ነኝ» ማለት ማንም የሚለው ነው። ረጅም ልምድ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በእጁ አለ፤ በሥራ ዘመኑ የተሻገራቸው ለውጦች። የሂሳብ ባለሙያው ምናልባት በእጅ ከሚሞላ መዝገብ ጀምረው ወደ ፒችትሪ ተሻግረዋል። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎችን መልመድ ነበረባቸው። የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ የነበረች ሴት ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ቴሌብርን ተቀብላ ሠርታለች። መምህሩ ከአንድ በላይ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ አልፈዋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የሀገራችን ብሂል። ጥምጣሙን አስቀድሞ የጠመጠመ ሰው ደግሞ መማሩን እንዳላቆመ ማሳየት ይጠበቅበታል። ከቃለ መጠይቁ በፊት «ከእኔ ዘመን ወዲህ በሙያዬ ምን ተለወጠ? እኔስ እንዴት ተቀበልኩት?» ብሎ ሁለት ምሳሌ ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው።

ወጣት ኃላፊና ዝቅ ያለ የሥራ መደብ

ጥያቄውን የምታቀርበው የ30 ዓመት ኃላፊ ልትሆን ትችላለች። በባህላችን ታላቅ ይከበራል፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ኃላፊነት ይከበራል። አመልካቹ ጠያቂዋን «ልጄ» ወይም «አንቺ» ብሎ ቢጠራ በፍቅር ቢሆንም ሦስተኛውን ስጋት ያረጋግጣል። «እርስዎ» ማለት ለሁለቱም ወገን የተመቸ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት የሚያስታውስ ንግግርም በዚያ ክፍል ቦታ የለውም።

አንዳንዴ ጥያቄው «ቀድሞ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን ለባለሙያነት ለምን አመለከቱ?» በሚል መልክ ይመጣል። እዚህ ላይ ምሬት ወይም የቀድሞ አሠሪን መውቀስ ይጎዳል። «የሰው አስተዳደር ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ በቀሪው ጊዜዬ ሙያውን ራሱን መሥራት እመርጣለሁ» የሚለው እውነት ከሆነ በቂ መልስ ነው። ደመወዙ ከቀድሞው ያነሰ መሆኑን አስቀድሞ አስቦ መቀበል ወይም አለመቀበል የአመልካቹ ውሳኔ ነው፤ ከተቀበለ ግን በዕቅዱ ውስጥ ቅሬታ ሆኖ ብቅ ማለት የለበትም።

የምስክር ወረቀት የሌለው ልምድ

ከሥራ ገበታ ለረጅም ጊዜ የራቁ ሰዎች «የወደፊት ዕቅድ ለማውጣት ልምድ የለኝም» ብለው ያስባሉ። በቤይሩት ወይም በሪያድ ለ12 ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ በ45 ዓመቷ የተመለሰች ሴት ለሆቴል የቤት አያያዝ ክፍል ብታመለክት፣ የጽዳት፣ የልብስና የመስተንግዶ ሥራን በተግባር ታውቃለች፤ ዓረብኛም ትናገራለች። ከፊቷ 15 ዓመት አለ። «በመጀመሪያው ዓመት የሆቴሉን ደንብ እማራለሁ፤ ለያዝኩት ሥራ የሙያ ብቃት ምዘና እወስዳለሁ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የፎቅ ተቆጣጣሪ መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ትችላለች። ይህች ሴት የዕድገት ምኞት ለመናገር ማፈር የለባትም፤ ያላት ጊዜ ይበቃታልና።

ሕጉ ስለ ዕድሜ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ልዩነት ሊደረግባቸው የማይገቡ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ዕድሜን በስም ባይጠቅስም ዝርዝሩን «በሌላ አቋም» በሚል ክፍት አድርጎታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 162 ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች በቅጥርና በሥልጠና በእኩልነት እንዲስተናገዱ ያሳስባል። ምክረ ሐሳቡ አስገዳጅነት የለውም። በተግባርም «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ማየት የተለመደ ነው።

ስለዚህ «መቼ ነው ጡረታ የሚወጡት?» ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅ ክርክር ከመክፈት ይልቅ ዓመቱን ተናግሮ ወደ ሥራው መመለስ ያዋጣል፤ «በ2025 ዓ.ም ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያለኝን ዕቅድ ልንገራችሁ» ማለት ይቻላል። ጤናን በተመለከተም ሥራው የሚጠይቀውን መሥራት እንደሚችሉ በአጭሩ መግለጽ በቂ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። «በሙከራ ጊዜው ሥራዬን አይታችሁ ፍረዱ» የሚል አመልካች ክርክሩን ከዕድሜ ወደ ውጤት ይወስደዋል።

ለአሠሪዎችም የሚተርፍ ነገር አለ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ አመልካች «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነዎት?» ከማለት «በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምን ይሠሩልናል? ያለዎትን ዕውቀትስ ለማን ያስተላልፋሉ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መረጃ ያስገኛል። አመልካቹ ግን ጥያቄው እስኪለወጥ መጠበቅ አይችልም። ቀሪ ዓመታቱን ቆጥሮ፣ በእያንዳንዱ የሚሠራውን ጽፎና አንድ ሁለት ጊዜ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ተናግሮ ቢገባ፣ ጥያቄው ሲመጣ አይደናገጥም።